ቆራርጦ የሚጠፋና ቀጥ የሚል ሞተር፦ ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት

ጥያቄ፦ «በ1990ዎቹ የተሠራ ባለ 3ኤል ሞተር፣ ናፍጣ ሂሉክስ ደብል ጋቢና አለኝ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ ወደ ደብረ ብርሃን ስወጣ፣ ከደብረ ሲና በላይ ዳገቱ ላይ አቅም እያነሰው ይመጣና ቆራርጦ ይጠፋል። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆሜ ስሞክረው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ናፍጣው ከግማሽ በታች ሲሆን ይብሳል። ፊልትሮ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ በተቀየረ ሰሞን ይሻለዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። አልፎ አልፎ ደግሞ ከተማ ውስጥ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልሰጠው) ቆሞ ሳለ ቀጥ ይላል፤ ያኔ ወዲያው ሳስነሳው ይነሳል። ሙቀቱ ደህና ነው፣ ጭስም የለውም። ጋራዡ ‹ፖምፓው አልቋል፣ ተፈትቶ ይታደስ› እያለኝ ነው። ላስፈታው?»

መልስ፦ አሁን አያስፈቱት። ከጻፉት ውስጥ ፖምፓውን (ናፍጣን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚረጨውን) በቀጥታ የሚያስጠረጥር አንድም ምልክት አላገኘሁም። ይልቁንም እንደ አንድ ችግር የቆጠሩት ነገር ሁለት የተለያየ ብልሽት ይመስለኛል፤ ዳገት ላይ ቆራርጦ የሚጠፋው አንድ፣ ከተማ ውስጥ ቀጥ የሚለው ሌላ። በዚህ ዕድሜ ላይ ባለ መኪና ሁለት ብልሽት አብሮ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ መካኒኮችን የሚያሳስታቸውም ይኸው ነው። አንዱ ይስተካከላል፣ በማግስቱ በሌላኛው ምክንያት ይጠፋል፣ «አልዳነም» ይባልና ውዱ ዕቃ ይፈታል።

ወደ ምርመራው ከመግባቴ በፊት ስለ መንገዱ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም የሚመላለሱት ጣርማ በር ላይ ነው። በእነዚህ የኤል ሞተሮች ላይ ለፍሬኑ ሰርቮ (የፔዳሉን ጉልበት ለሚያግዘው ክፍል) ቫኪዩም የምትሰጠው ትንሽ ፖምፓ ዲናሞው ጀርባ ላይ ተገጥማ ከእሱ ጋር ነው የምትዞረው። ሞተሩ ከቆመ እሷም ትቆማለች። ሰርቮው ውስጥ የቀረው ቫኪዩም ፍሬኑን አንድ ሁለት ጊዜ ለመርገጥ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ይደርቃል፣ መኪናውን ለማቆም በሙሉ ክብደትዎ መጫን ይኖርብዎታል። መሪውም ባለ ፓወር ከሆነ ይከብዳል። ስለዚህ እየሄዱ ሲጠፋብዎ ፍሬኑን ደጋግመው አይምቱት፤ አንዴ ረግጠው ያዙት። ቁልቁለት ላይ ከሆኑ ማርሹን አያውጡ፣ ፍሪሲዮኑንም አይርገጡ። ጎማው ሞተሩን እያዞረው ይወርዳል፤ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ቫኪዩም ፖምፓዋም ትዞራለች፣ ሞተሩም ራሱ መኪናውን ይይዝልዎታል። ቁልፉን ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው አይመልሱት፣ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ዳገት ላይ ሲቆሙ ደግሞ ጭነት የያዘ አሮጌ መኪና በእጅ ፍሬን ብቻ አይታመንም፤ ረዳትዎ ታኮ ይዞ ቶሎ ይውረድ። ብልሽቱ እስኪገኝ ድረስ ጭነት ይቀንሱ፣ በሌሊት ያንን ዳገት አይውጡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ካንዴሌታዎቹም (ማሞቂያዎቹ) ሲነሳ ብቻ ነው የሚያገለግሉት። አንዴ ከተነሳ የሚፈልገው አየር፣ እመቃና ናፍጣ ነው። እመቃ አሥር ደቂቃ ጠፍቶ መልሶ አይመጣም። ስለዚህ ሄድ መጣ በሚል መጥፋት ውስጥ ጥያቄው ይጠባል፤ ወይ ናፍጣው ፖምፓው ጋ አልደረሰም፣ ወይ ፖምፓው ላይ ያለው የናፍጣ ማቋረጫ ሶሌኖይድ ተዘግቷል። ሶሌኖይዱ ከቁልፉ 12 ቮልት እስከመጣለት ድረስ ክፍት ነው፤ ኤሌክትሪኩ ለአፍታ ከተቋረጠበት ይዘጋል፣ ሞተሩም ቁልፍ እንደዘጉበት ቀጥ ይላል። የናፍጣ እጥረት ግን እንዲህ በአንዴ አያጠፋም። አቅም ይቀንሳል፣ ይቆራርጣል፣ ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ይጠፋል። እርስዎ ሁለቱንም በትክክል ለይተው ጽፈውልኛል፤ ለመካኒክዎም በዚሁ መልክ ይንገሩት።

ዳገት ላይ ያለውን እናስቀድም። በዚህ ሞተር ላይ ናፍጣን ከሰልባትዮ (ከናፍጣ ታንከሩ) የሚገፋ የተለየ ፖምፓ የለም። ዋናው ፖምፓ ውስጥ ያለችው ትንሽ ክፍል ራሷ እየሳበች ነው የምታመጣው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ዋናው ቁም ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። ከሰልባትዮ እስከ ፖምፓ ያለው መስመር በሙሉ በመሳብ ስለሚሠራ፣ ስንጥቅ ቢኖረው ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። መካኒኩ ከሥር ተኝቶ አይቶ «የሚያፈስ ነገር የለም» ሲል እውነቱን ነው፣ ግን መስመሩ ደህና ነው ማለት አይደለም።

የሚስበው ኃይል ደግሞ የአየር ግፊቱ ያህል ብቻ ነው፤ ሰልባትዮ ውስጥ ያለውን ናፍጣ ወደ ላይ የሚገፋው ከባቢ አየሩ ነውና። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር አካባቢ ሲደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነዎት፤ እዚያ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ እንኳ አይሞላም። ላይ ሲወጡ የሚገፋው ኃይል ይቀንሳል፣ ሞተሩ ግን ጭነት ተሸክሞ ዳገት ስለሚወጣ ብዙ ናፍጣ የሚጠይቀው በዚያው ሰዓት ነው። አፍንጫውን ወደ ላይ ሲያደርግም ፖምፓው ከሰልባትዮው ይበልጥ ከፍ ይላል። በከፊል የተዘጋ መስመር ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ሳያስታውቅ ሊሄድ ይችላል፤ ጉዱ የሚወጣው ከደብረ ሲና በላይ ነው። ፊልትሮ በተቀየረ ሰሞን መሻሉም በዚህ ይገባል። አዲስ ፊልትሮ በመንገዱ ላይ ካሉት ሁለት እንቅፋቶች አንዱን አቅልሎለት ነበር፤ ትንሽ ቆሻሻ ሲይዝ ሁለቱ ተደምረው ያንቁታል።

አሥር ደቂቃ ቆሞ መነሳቱ በእኔ ግምት የሚጠቁመው ሰልባትዮው ውስጥ ያለውን የመሳቢያ ቱቦ ወንፊት ነው። ሞተሩ ሲስብ ዝገትና ጥቁር ዝቃጭ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፤ ሲጠፋ መሳቡ ስለሚቆም ቆሻሻው ይረግፋል፣ መንገዱ ይከፈታል፣ መኪናው «ምንም እንዳልሆነ» ይነሳል። ጥቁሩ ዝቃጭ ውሃ ባለበት ናፍጣ ውስጥ የሚያድጉ ተሕዋስያን የሚሠሩት ነው። ነዳጅ ሲጠፋ በበርሜልና በጄሪካን የተቀዳ ናፍጣ ወደ አሮጌ ሰልባትዮ ሲገባ ውሃውም ዝገቱም አብሮ ይገባል። ከግማሽ በታች ሲሆን መባሱ ከዚህ ጋር ይሄዳል፣ ግን ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። የመሳቢያው ቱቦ ሰልባትዮው ውስጥ መሃሉ ላይ ዝጎ ተበስቶ እንደሆነ፣ ቀዳዳው በናፍጣ እስከተሸፈነ ድረስ አያስታውቅም፤ ናፍጣው ከቀዳዳው በታች ሲወርድ በተቀደደ ስትሮ ለስላሳ እንደመጠጣት ይሆናል። ስለዚህ ሰልባትዮው ሲወርድ ወንፊቱ ብቻ ታጥቦ አይመለስ፤ ቱቦው በሙሉ ይታይ፣ አንዱን ጫፍ በጣት ዘግተው በሌላው ይንፉበት።

ሰልባትዮ ከማስወረድዎ በፊት ግን ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። ቀጥሎ ሲጠፋብዎ የመጀመሪያ ሥራዎ የሰልባትዮውን ክዳን መክፈት ይሁን። ጆሮዎን ያቅርቡ። አየር «ፍስስ» ብሎ ወደ ውስጥ ከገባና ሞተሩም ወዲያው ከተነሳ፣ ክዳኑ አየር ማስገቢያ የለውም ወይም ተደፍኗል ማለት ነው። የድሮው ክዳን ጠፍቶ ከሶማሌ ተራ የሌላ መኪና ክዳን የተገጠመላቸው ብዙ ናቸው፤ በክሩ ልክ ይገጥማል፣ መተንፈሻው ግን አይገጥምም። ለሙከራ ክዳኑን ላላ አድርገው አንድ ዳገት ይውጡ።

ቀጥሎ ቦኔቱን ከፍተው ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ይጫኗት። ይህቺ ብዙ ትናገራለች። ወዲያው ጠንካራ ሆና ከተገኘች ናፍጣው እስከዚያ ደርሷል። ባዶ ሆና ብዙ ጊዜ ከተጫኗት በኋላ የምትጠነክር ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። ከተጫኗት በኋላ ወደ ላይ ሳትመለስ ተስባ ከቀረች ከኋላ፣ ማለትም ከሰልባትዮ በኩል፣ ተዘግቷል። ይህንን ግን በጠፋባት ደቂቃ ነው ማድረግ ያለብዎት። መኪናው ተነስቶ፣ ጋራዥ ደርሶ፣ ቀዝቅዞ ከሆነ ምርመራው ዋጋ የለውም፤ ሄድ መጣ የሚል ብልሽት የሚያዘው እዚያው እንደጠፋ ነው።

የእጅ ፖምፓዋ አየር እንደገባ ከተናገረች፣ የመጀመሪያ ተጠርጣሪ የፊልትሮው ሥር ነው። ፊልትሮው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል ብለዋል። ሲቀየር ከሥሩ ያለው የውሃ ሴንሰር ከአሮጌው ወጥቶ አዲሱ ላይ ይታሰራል፣ ኦሪንጉም (ክብ ማሸጊያ ላስቲኩ) አብዛኛውን ጊዜ የድሮው ይሆናል። የደረቀ ኦሪንግ አየር ያስገባል። የእጅ ፖምፓዋ ራሷም ውስጧ ያለው ላስቲክ ይሰነጠቃል። ከዚያ የላስቲክ ቱቦዎቹ ጫፍና ፋሼታዎቹ (ማጥበቂያ ቀለበቶቹ) ይታዩ፤ የቆየ ላስቲክ ሲያጥፉት ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየ ይቀየር፣ ፋሼታ ማጥበቅ አያድነውም። የቱ እንደሆነ ካልታወቀ፣ በፊልትሮና በፖምፓ መካከል ባለው ቱቦ ምትክ ናፍጣ የማይበላው ግልጽ ቱቦ ለጊዜው አስገብተው ሞተሩን ያስነሱ። አየሩ ካለ አረፋው በዓይን ይታያል። አልፎ አልፎ የምትታይ ጥቃቅን አረፋ አታስጨንቅም፤ ነዳጅ ሲሰጡ ተከታትሎ የሚመጣ አረፋ ከሆነ ግን አግኝተዋታል። የመመለሻ ቱቦዎቹ ላይ ያለ ስንጥቅ ጠዋት ጠዋት መኪናውን ለማስነሳት ያስቸግራል እንጂ እየሄዱ ብዙም አያጠፋም፤ እዚያ ላይ ጊዜ አይፍጁ።

ነገሩን በአንድ ጊዜ ለሁለት የሚከፍለው ግን የጄሪካኑ ሙከራ ነው፣ ፖምፓ ይፈታ ከሚል ማንኛውም ጋራዥ በፊት ሊጠይቁት የሚገባዎትም ይህንን ነው። ንጹሕ፣ የተጣራ ናፍጣ በጄሪካን ይሞላና ካሶኒው ላይ በደንብ ይታሰራል። በአዲስ ቱቦ፣ ፊልትሮ እንዳለ ሆኖ፣ ከጄሪካኑ ወደ ፊልትሮው መግቢያ ይቀጠላል፤ መመለሻውም ወደዚያው ጄሪካን ይመለሳል። ቱቦው ከጭስ ማውጫውና ከሚሽከረከር ነገር ይራቅ። ከዚያ ጭነቱን ይዞ ያንኑ ዳገት ይውጣ። ካልጠፋ፣ ብልሽቱ ከሰልባትዮ እስከ ፊልትሮ ባለው መስመር ላይ ነው፣ ፖምፓዎም ደህና ነው። አሁንም በዚያው መልክ ከጠፋ፣ የቀረው ከፊልትሮው ወደዚህ ያለው ብቻ ነው። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ፖምፓ ለማሳደስ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር አይወዳደርም፤ ሊሠራልዎ የማይፈልግ ጋራዥ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

ወንፊቱ መዘጋቱን ካረጋገጡ በአየር ነፍተው ብቻ አይለፉት። ቱቦውን ከፊልትሮው ነቅለው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ በቀስታ ወደ ሰልባትዮው ቢነፉ ይከፈታል፣ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ወደ ቤት መግቢያ ይሆናል፤ ቆሻሻው ግን እዚያው አለና በሳምንቱ ይመለሳል። ሰልባትዮው ይውረድ፣ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ዝጎ የተበሳ ከሆነና ይበየድ ከተባለ፣ የውስጡ ትነት በደንብ ሳይወጣለት እሳት የሚያቀርብ በያጅ ጋ አይውሰዱት፤ ባዶ ሰልባትዮ ይፈነዳል።

ከተማ ውስጥ ቀጥ የሚለው ግን ኤሌክትሪክ ይመስላል። እዚህ ላይ የምመክረው አንዲት 5 ዋት የ12 ቮልት አምፖል ናት። አንዱ ሽቦዋ ከሶሌኖይዱ ገመድ ጋር፣ ሌላው ከቦዲ ጋር ታስሮ፣ አምፖሏ ጋቢና ውስጥ ዓይንዎ በሚያያት ቦታ ትቀመጥ። ቁልፉ ሲከፈት ትበራለች። ሞተሩ ቀጥ ባለባት ሰከንድ ወደ እሷ ይመልከቱ። ጠፍታ ወይም ፈዝዛ ከሆነ ኤሌክትሪኩ አልደረሰም። እንደበራች ሞተሩ ከጠፋ ሶሌኖይዱ ራሱ፣ ሞተሩን ከቦዲ የሚያገናኘው ገመድ ወይም ናፍጣው ነው። ሶሌኖይዱን ለመለየት ቁልፉን ክፍት አድርገው ገመዱን ነቅለው መልሰው ይንኩት፤ በየንክኪው «ቀጭ» ማለት አለበት። ሲሞቅ ድምፁ የሚጠፋ ከሆነ ይቀየር፤ ፖምፓው ሳይፈታ በቁልፍ ከቦታው ይወጣል፣ ዙሪያው ግን በደንብ ይጽዳ፣ አሸዋ እንዳይገባ።

አምፖሏ ከጠፋች የት ይፈለግ? ከምንም በፊት አላርም ተገጥሞለት እንደሆነ ይጠይቁ። አላርም የሚገጥሙ ሰዎች ከቁልፉ የሚወጣውን ሽቦ ቆርጠው በመሃሉ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ያስገባሉ፤ መጋጠሚያው ተጠምዝዞ በቴፕ የታሰረ ብቻ ከሆነ በዕድሜ ይላላል። አሮጌ መኪና ላይ ቀጥ ብሎ ለመጥፋት ይህን የሚያህል ምክንያት ብዙም የለም። ቀጥሎ የቁልፉ ኮንታክት ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን ሳይመልሱ ወዲህ ወዲያ ነካ ነካ ሲያደርጉት ከጠፋ፣ አልቋል። የቤቱ፣ የሱቁና የመጋዘኑ ቁልፍ ሁሉ እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ዛሬውኑ ያውርዱት። ከዚያ የፊውዙ እግሮችና ሶሌኖይዱ ላይ ያለችው ሶኬት። በሚኒሞ ሳለ የመጥፋቱ ሌላ ቀላል ምክንያት ሚኒሞው ራሱ መውረዱ ነው፤ በደቂቃ ከ700 ዙር በታች ወርዶ ከሆነ የነዳጅ መስጫው ገመድና የሚኒሞ ማስተካከያው ይታይ። ማንም ሰው ግን «አቅም ልጨምርልህ» ብሎ ፖምፓው ላይ የታሸገውን የናፍጣ መጠን ብሎን እንዲነካ አይፍቀዱ። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ናፍጣ መጨመር ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው የሚያመጣው።

ፖምፓውስ መቼ ነው የሚጠረጠረው? ያለቀ ፖምፓ የራሱ ጠባይ አለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በደህና ይነሳል፤ ሞቆ ከጠፋ ግን ሞተሪኖው ቢዞርም ቢዞርም አይነሳም፣ በደንብ ሲቀዘቅዝ ብቻ ይነሳል። የእጅ ፖምፓዋ ጠንካራ ናት፣ አረፋ የለም፣ አምፖሏ በርታለች፣ ሶሌኖይዱ «ቀጭ» ይላል፣ ጄሪካኑም አላዳነውም። እነዚህ ሁሉ ከተሟሉ ፖምፓ ነው። አንዳንዶች ይህንን ለመፈተን በጋለ ፖምፓ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሳሉ፤ ውስጡ ያለው ብረት በጣም ጠባብ ልክ ስላለው ሊጣበቅ ይችላል፣ አያስደርጉት። የወጣውን ፊልትሮም ቆርጠው ይዩት፤ ከፖምፓው በፊት ስለሆነ የሚያሳየው የሰልባትዮውን ጤና ነው፣ ዝገትና ጥቁር ዝቃጭ ከሞላው አዲስ የታደሰ ፖምፓም በዚያው ቆሻሻ ያልቃል። ፖምፓው ከናፍጣው በቀር ሌላ ቅባት ስለሌለው፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣም ያው ይበላዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መፈታቱ ግድ ከሆነ፣ መሞከሪያ ማሽን ያለው ፖምፓ ቤት ይምረጡ። ሳይነካ በፊት ማሽኑ ላይ ተሰቅሎ ግፊቱና የሚሰጠው መጠን እርስዎ ባሉበት ይለካ፣ ከታደሰ በኋላም እንደዚያው። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ሁሉ ይመለስልዎ። ሲገጠም ደግሞ የመግቢያውና የመመለሻው ቀዳዳ ብሎን እንዳይለዋወጥ ይከታተሉ፤ የመመለሻው «አውት» የሚል ተጽፎበታል፣ ውስጡም ጠባብ ቀዳዳ አለው። ሁለቱ ከተቀያየሩ ጥሩ ፖምፓም ቢሆን እየቆራረጠ ይጠፋል።